ዶሮውን ትቼ ውሻውን የመረጥኩ ለታ

ልጆቹ ናቸው ያስጀመሩኝ። በተሰበሰቡ ቁጥር «አያቴ፣ ውሻ ልትማሪ የገባሽበትን ንገሪን» ይሉኛል፤ ነግሬያቸው ስጨርስ ደግሞ «ከመጀመሪያው» ይላሉ። ዘንድሮ ትልቋ የልጅ ልጄ ቅድስት፣ «በቃ አንቺ ተናገሪ፣ እኔ ልጻፈው፤ አንድ ቀን ትረሺዋለሽ» አለችኝ። የሚረሳ ነገር አይደለም፤ ቢሆንም እሺ አልኳት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የተናገርኩትን እሷ እየጻፈች፣ መልሳ እያነበበችልኝ፣ ያላልኩትን ስትጨምር እያስፋቅኳት ነው እዚህ የደረስነው።

ያኔ እኔ ቤት አልነበረኝም ማለት ይቻላል። ቤት አጥቼ ሳይሆን ቤት በዝቶብኝ ነው። ባሌ ካረፈ ወዲህ ከልጆቼ ደጅ ወደ ልጆቼ ደጅ ስዞር ነው የኖርኩት፤ ክረምቱን አጣዬ ወንድ ልጄ ዘንድ፣ ፋሲካን ከጣርማ በር በላይ ታላቋ ልጄ ዘንድ፣ የደጋው ውርጭ ሲበረታ ደግሞ ቁልቁል ወደ ቆላ፣ ሸዋ ሮቢት፣ ልጄ ብርቄ ዘንድ። በመካከሉ ጠበል አለ፣ ንግሥ አለ፣ ለቅሶ አለ። የሀገሩ ሰው ማረፍ የማያውቅ ነገር ሲያይ «የአስካለ እግር» ይላል። አስካለ እኔ ነኝ።

ብርቄ የምትኖረው ከሮቢ ወንዝ ማዶ ነው። ከተማው ወዲህ፣ እነሱ ወዲያ። ድልድዩ በዋናው መንገድ ስለሆነ ዙሪያ ነው፤ የመንደሩ ሰው ውሃው ከጎደለ በእግሩ ይሻገራል። ባሏ ተሾመ ማሽላና ማሾ የሚዘራ፣ ቁጥብ ሰው ነው። እኔ ከገባሁ ቤቱ ውስጥ ድምፁ አይሰማም ነበር፤ አማት ፊት ቀና ብሎ መብላት እንኳ ያፍራል። የሚያወራው ከዳማ ጋር ነው። ዳማ ውሻው ነው፤ ቀይ ዳማ፣ ደረተ ሰፊ፣ ማሽላው ሲያሽት ዝንጀሮ ከገደሉ ወርዶ እንዳይጨርሰው የሚጠብቅ። «ሰውዬው ያገባው እኔን ነው ዳማን?» እያለች ብርቄ ትቀልድበት ነበር።

ኅዳር ላይ ነው። ብርቄ አራስ ነበረች። የቀበሌው ሰዎች «አጭር ሥልጠና መጥቷል፤ ከየቤቱ አንድ ሰው ይውጣ፣ አንድ ሰው አንድ ሙያ ብቻ ይምረጥ» ብለው አስነገሩ። ብርቄ ከአልጋዋ ላይ ሆና ጣቷን ቀሰረችብኝ።

«እማዬ፣ አንቺ ሂጂልኝ። ዶሮ በይ። ስሚኝ፣ ዶሮ! ሲጨርሱ ጫጩት ይሰጣሉ።»

«ዶሮ» እያልኩ ወንዙን ተሻገርኩ። «ዶሮ፣ ዶሮ» እያልኩ ከተማ ገባሁ።

ሰኞ ጠዋት የቀበሌው ግቢ በሰው ተሞልቷል። ሦስት ጠረጴዛ ተዘርግቷል። የዶሮው ሰልፍ እስከ አጥሩ ይደርሳል፤ የጓሮ አትክልቱም ደኅና ነው። ሦስተኛው ጠረጴዛ ጋ ግን አንዲት ቀጭን ልጅ ብቻዋን ተቀምጣለች። ደብተር ከፊቷ፣ ባዶ ወንበር ከጎኗ። ሰው ባለፈ ቁጥር ቀና ትላለች፤ ሰውየው ሲያልፋት እንደገና ታቀረቅራለች። ማንም ያልቀረበው ማዕድ እንዴት እንደሚያሳዝን ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነው ያሳዘነችኝ።

«ያ የምንድን ነው?» አልኩ ከፊቴ የተሰለፈችውን ይርገዱን። ይርገዱ የብርቄ ጎረቤት ናት፤ አፏ አያርፍም እንጂ ሆዷ ቂም አያውቅም።

«የውሻና የድመት ጠባይ ነው አሉ። ሥራ የፈታ መንግሥት!»

እኔ ግን ነገሩ ልቤ ውስጥ ገባ። እስቲ አስቡት፤ እኔ ከቤት ወደ ቤት ስዞር የኖርኩ ሰው ነኝ። በየደጁ ቀድሞ የሚቀበለኝ ማን ነው? ውሻ ነው። ባለቤቱ «ማነው?» ሳይል ውሻው «ማነሽ?» ይለኛል። አንዱ አሽትቶ ያሳልፈኛል፣ ሌላው ቀሚሴን ይዘለዝለዋል። ለምን እንደሆነ አንድም ቀን አውቄው አላውቅም። ዶሮንማ በልጅነቴም አርብቻለሁ።

ከሰልፉ ወጣሁ። መዝጋቢው አቶ ግዛው ነው፤ ለሦስቱም ጠረጴዛ የሚመዘግበው እሱ ብቻ ነው። ምላሱ ስል እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያውቃል።

«እትዬ አስካለ፣ ተሳስተዋል። የዶሮው ወዲያ ነው።»

«አልተሳሳትኩም።»

«ይሄ የውሻና የድመት ጠባይ ነው እኮ!»

«ታዲያስ? የውሻን ጠባይ ሳላውቅ ሸበትኩ፤ አውቄው ልሙት።»

«ሲጨርሱ ምን ሊሰጡኝ ነው ብለው ነው? ቡችላ?»

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ይርገዱ ከሩቅ ጮኸች፦ «ተዋት! የእኛን ድመት ወተት እንዳትሰርቅ ትመክርልናለች!»

እኔም ሳቅኩ። ቀጭኗ ልጅ ግን አልሳቀችም፤ ብድግ ብላ ወንበሩን ሳበችልኝ። አቶ ግዛውም ራሱን እየነቀነቀ ጻፈኝ።

ብርቄ ስትሰማ ሕፃኗን ከጡቷ አላቀቀቻት። «እማዬ! ጫጩቱስ?»

«ጫጩት ጭልፊት ይወስደዋል።»

ተሾመ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል። በእኔ ፊት ሲስቅ ያን ቀን ነው ያየሁት። ዳማን በእግሩ ጎሸም አደረገና «ዳማ፣ ተጠንቀቅ፤ ተማሪ መጣችብህ» አለው። ከማሳው በኩል የዝንጀሮ ጩኸት ይሰማል፤ ዳማ ግን ዝም ብሎ ተኝቷል።

ማክሰኞ አምስት ሆነን ተቀመጥን፤ ሁለት የሆቴል ጥበቃዎች፣ አንድ ሥጋ ሻጭ፣ ሦስት ድመት ያላት አንዲት ልብስ ሰፊ፣ እና እኔ። የዶሮዎቹ ሰዎች ከአዳራሹ ሲንጫጩ ይሰማል፤ እኛ ማንጎ ዛፍ ሥር ነን። ቀጭኗ ልጅ ሰብለ ትባላለች፤ የእንስሳት ሐኪም ናት።

ምን የማትነግረን ነገር አለ! ጅራቱን የሚቆላ ውሻ ሁሉ ደስ ብሎት አይደለም፤ ጅራቱን ወደ ላይ ገትሮ የሚቆላውን ተጠንቀቁት አለችን። እንቅልፍ ሳይመጣው የሚያዛጋ ውሻ ጨንቆት ነው። ድመት ሆዷን ገልብጣ ስታሳያችሁ አምናችኋለች ማለት ነው እንጂ ዳብሱኝ ማለቷ አይደለም። ዓይኗን ቀስ አድርጋ ከከደነችላችሁ ሰላምታ ነውና እናንተም ክደኑላት። እኔ አፌን ከፍቼ ነው የምሰማት። ሲያዛጋብኝ «ናቀኝ» ብዬ በድንጋይ ያባረርኩት ውሻ ስንት ነው! ፈርቶኝ ኖሯል ለካ።

ልትጨርስ ስትል እንዲህ አለች፦ «ከሁሉ ይህን ያዙልኝ። ጠባይ ማለት የለመደው ነው። ውሻችሁ የለመደውን ነገር የተወ ቀን፣ ያኔ ልብ በሉ።»

ያን ማታ ለዳማ ፍርፋሪ ጣልኩለት። አሸተተና ተወው። «ሙቀቱ ነው» አለ ተሾመ። እኔም ሙቀቱ ነው አልኩ። የሰማሁት ቃል ገና በጆሮዬ ነበር እንጂ ወደ ልቤ አልወረደም።

ረቡዕ ጠዋት ልወጣ ስል ዳማ አጥሩ ሥር አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። የታችኛው መንጋጋው ወርዷል፤ ምራቁ እንደ ክር ይንጠባጠባል። ሊዘጋው ይሞክራል፣ አይዘጋለትም።

«አጥንት ነው» አለ ተሾመ። «ትናንት እነ ይርገዱ ቤት ፍየል ታርዷል። ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮበታል።»

በእኛ ሀገር እንዲህ ሲሆን ወጉ አንድ ነው፤ ባለቤቱ እጁን ሰድዶ ያወጣለታል። ሌላ ሰው አይነካውም፤ ባለቤቱን ግን ውሻ አይነክስም ይባላል። ተሾመ ተንበረከከ፤ ግራ ክንዱን በዳማ አንገት አዞረና ቀኝ እጁን እስከ አንጓው ድረስ አስገባ። ሳምንት ሙሉ ማሽላ ሲቆርጥ የሰነበተ እጅ ነው፤ አገዳው ሰነጣጥቆታል። እኔም ጎንበስ ብዬ በጣሳ ውሃ እያፈሰስኩ «ቀስ፣ ቀስ በል» እላለሁ። ውሃው አልተዋጠም፤ በጉንጩ በኩል በእጄ ላይ ተመልሶ ፈሰሰ። ዳማ ተሾመን በዓይኑ ብቻ ያየዋል።

«ምንም የለም» አለ ተሾመ እጁን እያወጣ። «ወርዶለት ይሆናል።» በሱሪው ጠራረገና ማጭዱን አንሥቶ ሄደ። ዳማ ከኋላው ሊጮህ ሞከረ። የወጣው ድምፅ የውሻ አይደለም፤ የተሰነጠቀ ቀንድ ሲነፋ የሚወጣ ዓይነት ነው።

እኔ ደግሞ ምን እያሰብኩ ወንዙን እንደተሻገርኩ ልንገራችሁ? ዛሬ የምናገረው አገኘሁ እያልኩ ደስ ብሎኝ።

ማንጎው ሥር ገና እንደተቀመጥን «ዛሬ እኔ ነኝ የማስተምራችሁ!» አልኩ። ጥበቃዎቹ «በሉ ዶክተር አስካለ» ብለው አጨበጨቡ። ስለ አጥንቱ፣ ስለ ተሾመ እጅ፣ ስለ ውሃው ሁሉንም አወራሁ። ሰብለ መጀመሪያ ፈገግ ብላ ነበር።

«እማማ፣ ውሻው ትናንት በልቷል?»

«አልበላም።»

«ውሃውን ዋጠው?»

«በጎን ወረደ።»

«ድምፁስ?»

«ተለውጧል።»

ጠመኔዋን አስቀመጠች። ቀስ ብላ ነው ያስቀመጠችው፤ ያ ነው ያስፈራኝ።

«ያበደ ውሻ ስንል ሁላችሁም የምታውቁት የሚሮጠውን፣ ያገኘውን የሚናከሰውን ነው» አለች። «ሌላ ዓይነት አለ። ጸጥ የሚል። መንጋጋው ሽባ ይሆናል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ ምራቁ ይዝረበረባል። ሰው አጥንት የተሰነቀረበት ይመስለዋል። እጁን ያስገባል።»

ሥጋ ሻጩ የራሱን እጆች ገልብጦ አየ።

«አልነከሰውም እኮ» አልኩ።

«ምራቁ ይበቃል። እጁ ላይ ቁስል አለ?»

«ማሽላ ቆራጭ ነው ልጄ። ቁስል የሌለው ጣት የለውም።»

ክንዴን ይዛ ወደ ቧንቧው ወሰደችኝ። ምራቁ እኔንም ነክቶኛልና በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ሩብ ሰዓት አሳጠበችኝ፤ ስልኳን እያየች አጠገቤ ቆማ። እየታጠብኩ ነገረችኝ። «በሽታው ሰው ላይ ከወጣ በኋላ የሚያድነው ነገር የለም። ከመውጣቱ በፊት ግን ክትባቱ ያድናል። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት። ደውሉለት።»

«ማዶ ኔትወርክ የለም።»

«እንግዲያው እኔ ጤና ጣቢያ ሄጄ ክትባቱን አስዘጋጃለሁ። ውሻውን የሚይዙ ሰዎችም ይዤ ወንዙ ዳር እጠብቃችኋለሁ። እሱን እርስዎ ያምጡልኝ። እኔ ብነግረው አያምነኝም፤ እርስዎን ያምናል።»

በዚያ ፀሐይ የሮቢን ውሃ በምርኩዝ ተሻገርኩ። የማየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ብርቄን ከነሕፃኗ፣ ጥቁር ለብሳ።

ደጁ ላይ ስደርስ ሰው ተሰብስቧል። ዳማ የኋላ እግሩ እየከዳው ሲንገዳገድ ይርገዱ አይታው «አብዷል!» ብላ ጮኻ፣ ተሾመ ከማሳው ሮጦ መጥቶ፣ በረጅም እንጨት እየገፋ ጋጣ ውስጥ ዘግቶበታል። ጋሼ ደምሴም ተጠርተው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ጋሼ ደምሴ መድኃኒት አዋቂ ናቸው፤ ቅን ሰው ናቸው፣ የእኔንም እብጠት አንድ ጊዜ አሽለውልኛል። ሥር ይወቅጣሉ። የእሳቸው መድኃኒት ግን ሕግ አለው፤ የጠጣ ሰው አርባ ቀን ወንዝ አይሻገርም። ከተሻገረ መድኃኒቱ ይከዳዋል፣ እብደቱ ይነሣበታል ይላሉ። ይህን ሕግ በይፋት ቆላ የሚጥስ የለም።

ጤና ጣቢያው ደግሞ ከወንዙ ማዶ ነው። ገባችሁ? አንዴ ከጠጣ፣ አርባ ቀን አይሻገርልኝም።

«ተሾመ፣ መጀመሪያ ታጠብ» አልኩት። ይህንንስ እሺ አለኝ። ሳሙና አምጥቼ ውሃ አፈሰስኩለት። ሰዓት የለኝም፤ አቡነ ዘበሰማያትን እየደጋገምኩ ለካሁት። ሊያቆም ሲል «ገና ነው» እለዋለሁ። ከዚያ ሰብለ ያለችውን ሁሉ ነገርኩት።

«እማማ፣ አልተነከስኩም እኮ» አለኝ መሬት መሬት እያየ። «ለጥንቃቄ ደግሞ ጋሼ ደምሴ ይሰጡኛል። አባቴንም ያዳኑት እሳቸው ናቸው።»

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ክትባቱን ይውሰድ፤ ከዚያ የእርስዎን ይጠጣ።»

«አይሆንም አስካለ» አሉ ሙቀጫውን ሳያቆሙ። «መርፌው አንድ ቀን አይደለም፣ ይመላለሳል። ወንዝ ለወንዝ እየተመላለሰ የሚጠጣ ከእኔ እጅ አይጠጣም።»

«ሁለት ቀን ተምራ ዶክተር!» አለች ይርገዱ። ሰዉም ሳቀ። ብርቄ ግን በሩ ላይ ቆማ ሕፃኗን አጥብቃ ይዛ እኔን ታየኛለች። አልሳቀችም።

ለመንኩት። በማርያም ብዬ ለመንኩት። «እሺ እማማ፣ ከአርባው ቀን በኋላ እሄዳለሁ» አለኝ። ጋሼ ደምሴ የወቀጡትን በጨርቅ ቋጥረው ሊጨምቁ ጣሳ ጠየቁ።

መዋሸት አልወድም። ግን ያ ጣሳ ሲመጣ ሳይ፣ አንድ ነገር ከላይ የተላከልኝ ይመስለኛል።

«ወይኔ ወገቤ!» ብዬ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ተኛሁ።

ደጁ ታመሰ። «እማዬ!» ብርቄ ጮኸች። «ያን ውሃ ወርዳ ወጥታ ነው፣ ጅማቷ ዞሮ!» ይርገዱ ናት።

«ጤና ጣቢያ አድርሱኝ» አልኩ።

«ጋሼ ደምሴ አሉ አይደል እንዴ፤ ይሹሽ!»

«የለም፣ የለም! ይሄ በሽታ መርፌ ነው የሚያውቀው።»

ወንዱ ሁሉ አጨዳ ላይ ነው። ቃሬዛ አራት ሰው ይፈልጋል፤ ደጁ ላይ ያሉት ወንዶች ተሾመና ጋሼ ደምሴ ብቻ ናቸው። ሁሉም ወደ ተሾመ ዞረ። አማች አማቱን በጀርባው! ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ተሾመ ፊቱ ሲቀላ አየሁ፤ ወደ ጋሼ ደምሴ ዞረ።

«ሂድ አድርሳት» አሉት ሽማግሌው። «ገና አልጠጣህም። ያልጠጣ ቢሻገር ግድ የለውም። ስትመለስ ይደርሳል።»

እግዜር ይስጣቸው። በራሳቸው ሕግ በሩን ከፈቱልኝ።

ተሾመ አዘለኝ። ውሃው መሀል ስንደርስ ጉልበቱን አልፎ ጭኑን ይዟል፤ እግሬን የያዘበት እጁ ይተኩሰኛል፣ ወይም ያ ሐሳቤ ነው። ድንጋይ አዳለጠውና ወዘወዘን።

«ከበድኩህ፣ ልጄ?»

«የለም እማማ። ማሽላ እሸከም የለ?» አለ። ትንሽ ቆየና፣ «ማሽላ ግን አያቃስትም» አለ።

ልስቅ ነበር። ሳቁ ወደ ለቅሶ ተለወጠብኝና አፌን በትከሻው ሸፈንኩ። እሱ አሞኝ መሰለውና ፈጠነ።

ማዶ ሰብለ ከሁለት ሰዎች ጋር ቆማለች። ተሾመ ቀስ አድርጎ ድንጋይ ላይ አስቀመጠኝ። እኔም ተነሥቼ ቆምኩ። ቀጥ ብዬ።

«እማማ?»

«ዋሸሁህ፣ ልጄ። ወገቤ ደኅና ነው። አንተን ለማሻገር ነው።»

ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም ነበር። አልጮኸም፣ አልተሳደበም፤ ዞሮ ወደ ውሃው ገባ። ሰብለ ልትጠራው አፏን ስትከፍት በእጄ ከለከልኳት።

«ተሾመ! አንድ ነገር መልስልኝና ሂድ፤ አልይዝህም። ዳማን ከእኔም ከእሷም ይልቅ የምታውቀው አንተ ነህ። ሰኞ ዝንጀሮዎቹ ሲወርዱ ምን አደረገ?»

ቆመ። ጀርባውን እንደሰጠኝ ነው።

«ተኝቶ አያቸው።»

«ሌላ ጊዜስ ተኝቶ ያያል?»

«ዳማ? በፍጹም።»

«ትናንት ማታ ከማሳ ስትመለስ መንገድ ላይ ተቀበለህ?»

«…አልመጣም።»

«ዛሬ ጠዋት የጮኸው ድምፅ የማን ነበር?»

ውሃው በእግሮቹ መሀል ይሄዳል። ቀኝ እጁን ወደ ፊቱ አንሥቶ አየው፤ ለረጅም ጊዜ።

«የእሱ አይደለም» አለ።

ከውሃው ወጣና በአጠገባችን አልፎ ወደ ከተማው መንገድ ጀመረ። እኔን አልጠበቀም፣ ሰብለንም ምንም አልጠየቃት። እኛ ነን እየሮጥን የተከተልነው።

ጤና ጣቢያው እንደገና አሳጥበው፣ ቁስሉ ዙሪያም ክንዱም ላይ ወጉት። እኔንም ወጉኝ። የሚመለስበትን ቀን ሁሉ በካርድ ጽፈው ሰጡት። ወጥተን ደጁ ላይ ስንቀመጥ መጀመሪያ የተናገረው ቃል ይህ ነው፦ «እማማ፣ እዚህ ከመጣን አይቀር ወገብዎን አይታዩም?» ያኔ ነው ይቅር እንዳለኝ ያወቅኩት።

ዳማ በማግስቱ ጠዋት ሞተ። የሰብለ ሰዎች ጓንት አድርገው ወሰዱት፣ ለምርመራም ናሙና ላኩ። መልሱ ሲመጣ ጥርጣሬዋ ትክክል ነበር። ተሾመ ማሳው ዳር ዳማ ይተኛበት የነበረውን ሣር እስከ ዛሬ ሳያርሰው ይኖራል። ክትባቱን አንድም ቀን ሳያጓድል ጨረሰ። ጋሼ ደምሴ አኩርፈው ነበር፤ እኔ ነኝ ደጃቸው ሄጄ ይቅርታ የጠየቅኩት። የምርመራውን መልስ ስነግራቸው ሙቀጫቸውን ወደ ጎን አስቀመጡ። ከዚያ ወዲህ ውሻ የነከሰው ሰው ሲመጣባቸው «መጀመሪያ ተሻገር፤ መርፌህን ጨርሰህ ና» ይላሉ። ከዚህ የበለጠ ትልቅነት ከየት ይመጣል? ዕድሜ ልክ የያዙትን ሕግ ለሰው ነፍስ ሲሉ ማጠፍ!

እናንተ የምታነቡ ልጆች፣ ብዙ ነገር ልምከራችሁ አልልም፤ ያልተማረ ሰው ምክር ያበዛል ይባላል። ግን ከዚያ ሳምንት ወዲህ እኔ ሌላ ሰው ነኝ። እግሬ አላረፈም፤ ሥራ ግን አገኘ። ዛሬ አጣዬ ስሄድ፣ ጣርማ በር ስወጣ፣ ዘመድ ለመጠየቅ እስከ አሊዩ አምባ ስወርድ፣ ደጁ ላይ ቆሜ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ውሻው ነው። «ተከትቧል? ይበላል? ይጮኻል? የለመደውን የተወ ነገር አለ?» አንዳንዱ ይስቅብኛል፤ ይሳቅ። ስትስቅብኝ የነበረችው ይርገዱ ዛሬ የውሻ ክትባት ቀን ሲደርስ መንደሩን ቀድማ የምታስነሣው እሷ ናት። ውሻችሁ አፉ አልዘጋ ካለው ግን እጃችሁን አትስደዱ፤ ከነካችሁም ታጥባችሁ ሩጡ። ይህቺን ብቻ ያዙልኝ።

ብዙ ሰው አመሰግናለሁ። ወንበሩን የሳበችልኝን ሰብለን፤ ዛሬም በበዓል ትደውልልኛለች። ያዘለኝን ተሾመን። ጫጩቱን ይቅር ያለችኝን ብርቄን። ከሁሉ በላይ ያን ቀን እግሬን ከዶሮው ሰልፍ ያወጣውን አምላክ። የማመስገኛዬ ዝርዝር ይኸው አለቀ ብዬ ነበር የኖርኩት።

ዘንድሮ ይህቺ የምትጽፍልኝ ቅድስት፣ የተሾመና የብርቄ የበኩር ልጅ፣ ያኔ ጡት ላይ የነበረችው፣ ቀበሌ ተቀጠረች። አቶ ግዛው ጡረታ ወጥቶ አገሩ ከገባ ቆይቷል። የድሮ መዝገብ ስታስተካክል የዚያን ሥልጠና ወረቀት አገኘችው፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ማታ ቤት ይዛው መጣችና ግራ በተጋባ ፊት አነበበችልኝ። ለካ ለውሻና ለድመቱ ሥልጠና «ስምንተኛ ክፍል ያላጠናቀቀ አይመዘገብም» የሚል ትእዛዝ ነበረው። እኔ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ማንም አልነገረኝም። ከስሜ ጎን ግን በአቶ ግዛው እጅ፣ አምሮ ተጽፏል፦ «ወይዘሮ አስካለ። ስምንተኛ ክፍል አጠናቅቀዋል፤ በጥሩ ውጤት።» ከሥሩ የእኔ የአውራ ጣት አሻራ አለ።